ምዕራፍ ስድስት፦ ስም መዝጋቢዎቹ

ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ፣ የጅቡቲው ባቡር ወደ አዋሽ በሚያልፍበት ቆላ ላይ ሁርሶ የምትባል ቦታ አለች። አገሩ ግራርና ቁጥቋጦ የበዛበት፣ ፀሐዩ የሚያቃጥል፣ ዝናብ ሲጥል ወባ የሚነሳበት ነው። ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ሁርሶ የወታደር ማሠልጠኛ ናት፤ ልጁን ወደ መከላከያ የላከ ቤተሰብ ስሟን ያውቀዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካውያን አሠልጣኞች እዚያ ሰፍረው የኢትዮጵያን ወታደሮች አሠልጥነዋል፤ ለሰላም ማስከበር ተልእኮ የሚሰናዱ ወታደሮችም የሚሠለጥኑባት ሆናለች። ሰላም አስከባሪ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ መሣሪያ ያልያዘውን ሕዝብ ከጥቃት መጠበቅ ነው። በዚህችው ቦታ፣ አሜሪካውያኑ ከመምጣታቸው አሥር ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ብዙ ሰዎች ያለ ክስና ያለ ፍርድ ታጉረው ነበር።

ነገሩ የሆነው በ1984 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ደርግ ከወደቀ አንድ ዓመት አልፎታል። በሽግግር መንግሥቱ ውስጥ የነበረው የኦሮሞ ነጻነት ግንባር (ኦነግ) ከሰኔው የክልል ምርጫ ራሱን አግልሎ ከመንግሥት ወጣ፤ ውጊያ ተከፈተ፤ በጥቂት ሳምንታትም ውስጥ ኦነግ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎች ተይዘው በየካምፑ ተከማቹ። ታጋዮች ነበሩባቸው፤ ደጋፊ ናችሁ የተባሉ ገበሬዎች፣ መምህራንና ተማሪዎችም ነበሩባቸው። ካምፖቹ ደዴሳ፣ አጋርፋና ሁርሶ ነበሩ። ምግቡ አነስተኛ፣ መድኃኒቱ እጅግ ጥቂት ነበር፤ ወባና ሌላ ወረርሽኝ ብዙዎችን ጨረሰ። አብዛኞቹ በሚቀጥለው ዓመት ሲለቀቁ ሁርሶ ላይ የቀሩት ቆይተው፣ በመጨረሻ ጥቂት መቶዎቹ ክስ ተመሥርቶባቸው ወደ ዝዋይ እስር ቤት ተወሰዱ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ሪፖርት የእነዚህን ካምፖች ጉዳይ ጽፎታል።

ሁርሶ ላይ የሞቱት እነማን እንደሆኑ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ዛሬ የት ይሂድ? ቦታው ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ የለም። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ የቆመው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ደርግ ስለገደላቸው ሰዎች ይናገራል፤ ስለ እነዚህ አይናገርም። የሟቾቹ ስም ያለው በወለጋ፣ በሐረርጌ፣ በአርሲ በየቤቱ፣ ከእናት ወደ ልጅ በቃል ሲተላለፍ ነው።

ከሁርሶ ሳንርቅ አንድ ሌላ ቦታ እንጨምር። በዚያው 1984 ዓ.ም.፣ በዚያው በሐረርጌ፣ በደጋው በኩል በደኖ በምትባል ከተማ ሰዎች እየተያዙ እንቁፍቱ ከሚባለው ገደል ተወርውረዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ አማሮች ነበሩ። ድርጊቱ በኦነግ ታጣቂዎች ላይ ተላከከ፤ ኦነግ ካደ፤ ጥፋቱን ወደ ገዢው ወገን መለሰው። ሦስት አሥርት ዓመታት አልፈውም የበደኖ ነገር በፖለቲካ መድረክ ይነሳል እንጂ የሟቾቹን ቤተሰቦች የሚያሳርፍ ፍርድ አላገኘም።

አሁን ሁለቱን ቦታዎች ጎን ለጎን አድርገን እንያቸው። አንድ ዘመን፣ አንድ ክፍለ ሀገር። ሆኖም ስለ በደኖ የሚያለቅሰው ሰው ስለ ሁርሶ ሰምቶ አያውቅም፤ ስለ ሁርሶ የሚቆረቆረው ደግሞ በደኖ ሲባል ፊቱን ያዞራል፤ ወይም “የፈጠራ ወሬ ነው” ይላል። ስለ ሰብአዊ መብት የሚደረግ የዜጎች ትግል በአገራችን ትልቁ ደዌው ይኸው ይመስለኛል። ጩኸት አልጠፋም፤ ሁሉም የሚጮኸው ለራሱ ሟች ነው። ይህ ምዕራፍ ስለ ሌላ ዓይነት ሰዎች ነው፤ የማንም ወገን ይሁን፣ የተገደለውን ሰው ስም፣ ዕድሜ፣ ቦታና ቀን ስለሚመዘግቡ ሰዎች።

በኢትዮጵያ የዚህ ሥራ አባት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ናቸው። የጂኦግራፊ ምሁር ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በረኀብ ላይ ሲመራመሩ ያሳለፉ፣ ገበሬው ለምን እንደሚራብ በቁጥርና በካርታ ያሳዩ ሰው። መስከረም 29 ቀን 1984 ዓ.ም. ከሌሎች ዜጎች ጋር ሆነው፣ በጠቅላላው 32 ሆነው፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን መሠረቱ። ኢሰመጉ የምንለው ማለት ነው። ቀኑን ልብ ይሏል፤ በደኖም ሁርሶም ከመሆናቸው ጥቂት ወራት በፊት ነው። አዲሱ መንግሥት ገና የነጻነት ሽታ የነበረው ጊዜ ነበር፤ ብዙ ሰው “ደርግ ሄዷል፣ አሁን ደግሞ የምን ሰብአዊ መብት ጉባኤ ነው?” የሚልበት ጊዜ።

የኢሰመጉን መግለጫዎች ያነበበ ሰው አጻጻፋቸውን አይረሳም። መደበኛ መግለጫ አለ፤ አጣዳፊ ሲሆን ልዩ መግለጫ ይባላል፤ እያንዳንዱ ቁጥር አለው። ውስጡ ሲገለጥ የሚያስለቅስ ሐተታ የለበትም። ሠንጠረዥ ነው። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የተገደለበት ቦታ፣ ቀን። “ገበሬ፣ 45”፣ “ተማሪ፣ 17”፣ “የቤት እመቤት፣ 30” ዓይነት መስመር ከመስመር በታች ይወርዳል። አንዱ ሠንጠረዥ ውስጥ የኦሮሞ ስሞች፣ ሌላው ውስጥ የአማራ፣ ሌላው ውስጥ የአኙዋክ ወይም የሲዳማ ስሞች ይገኛሉ። ዓምዶቹ ግን ያው ናቸው። አንባቢው የሚያነበው የሟቹን ዕድሜ ነው፤ ከየትኛው ወገን ነው የሚለው ጥያቄ በሠንጠረዡ ላይ ተለይቶ የተሰጠው ክብር የለም።

ያንን አንድ መስመር ለመሙላት የሚወጣው ድካም ቀላል አይደለም። ገዳዩ ባለሥልጣን ከሆነ ሆስፒታሉ የሞት ማስረጃ አይሰጥም። ቤተሰቡ ይፈራል። ጎረቤቱ የሰማውን እንዳየ አድርጎ ይናገራል። ስለዚህ መርማሪው ያንኑ ነገር ከሁለትና ከሦስት ሰው ማጣራት፣ አስከሬኑን ያጠበውን፣ መቃብር የቆፈረውን፣ ዕድር ላይ ለቅሶውን የመዘገበውን ሰው ማግኘት አለበት። አገራችን ውስጥ የዕድር መዝገብ ብዙ ጊዜ ከመንግሥት መዝገብ ይልቅ የሚታመን የሞት ማስረጃ ነው፤ ይህንን የሰብአዊ መብት ሠራተኞች ጠንቅቀው ያውቃሉ።

ሥራው ዋጋ አስከፍሏል። የኢሰመጉ የሥራ አስፈጻሚ አባልና የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር አመራር የነበሩት አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ሥራ ሲሄዱ መንገድ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። በ1993 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተቃውሞ በጥይት ከተበተነ በኋላ ፕሮፌሰር መስፍንና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ታሰሩ፤ ምክንያቱ ከተማሪዎቹ ጋር ስለ ሰብአዊ መብት የተወያዩበት ስብሰባ ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላም ፕሮፌሰር መስፍን በሰባዎቹ አጋማሽ ዕድሜያቸው ከተቃዋሚው ቅንጅት መሪዎች ጋር ወኅኒ ወርደው ወደ ሁለት ዓመት ያህል ከረሙ። በዚያ መዝገብ ከቀረቡት ክሶች መካከል አንዱ “የዘር ማጥፋት ሙከራ” ይል ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ይህን ክስ በኋላ ውድቅ አድርጎታል። ፕሮፌሰሩ መስከረም 19 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት አረፉ።

የዘር ማጥፋት ክስ ሰብአዊ መብት ጉባኤ በመሠረተ ሰው መዝገብ ላይ መጻፉ ስለ ሕጉ ራሱ እንድንናገር ያስገድደናል። ብዙ ኢትዮጵያዊ የማያውቀው አንድ ታሪክ አለ፦ የተባበሩት መንግሥታት የዘር ማጥፋት ወንጀልን ለመከላከልና ለመቅጣት ያወጣውን ስምምነት ከዓለም መንግሥታት ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፤ ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም.። ፋሺስት ኢጣሊያ በየካቲት 12 አዲስ አበባ ላይ ያደረገችውን ጭፍጨፋ ያየ ትውልድ ነበርና መቻኮሉ አይደንቅም። ስምምነቱ ዘር ማጥፋት የሚለው አንድን የብሔር፣ የጎሣ፣ የዘር ወይም የሃይማኖት ወገን በሙሉም ሆነ በከፊል ለማጥፋት ታስቦ የሚፈጸመውን ድርጊት ነው። ወሳኙ የሟቹ ብዛት አይደለም፤ ያ የማጥፋት አሳብ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን በአንቀጽ 281 ከዚያም አልፎ የፖለቲካ ቡድንን ጨመረ። ዓለም ያልጨመረውን ነው።

ሕጉን በወረቀት ቀድሞ መያዝ ግን ማንንም አላዳነም። ደርግ በሥልጣን ላይ ሳለ አንቀጽ 281 በሕግ መጽሐፉ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ልጆች በየመንገዱ ተገድለው ወረቀት ተለጥፎባቸው ሲጣሉ ያስቆመ ዳኛ አልነበረም። ሕጉ ሥራ የጀመረው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በአዋጅ ቁጥር 22/1984 ልዩ ዓቃቤ ሕግ ሲቋቋም ነው። ከ5,000 የሚበልጡ ሰዎች ተከሰሱ። የኮሎኔል መንግሥቱና የባልደረቦቻቸው ችሎት ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ተከፍቶ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ናችሁ የሚለው ፍርድ ተሰጠ፤ 12 ዓመት። መንግሥቱ ራሳቸው ዚምባብዌ ናቸው።

ይህን ችሎት ከመንግሥት ሥራነት ይልቅ የዜጎች ሥራ አድርጌ የማየው ምስክሮቹን ስለማስብ ነው። ደርግ ራሱ ቃለ ጉባኤ የሚወድ መንግሥት ነበርና “እርምጃ ተወስዶበታል” የሚል ወረቀት በየቢሮው ትቶ ሄዷል። ለዚያ ወረቀት ሕይወት የሰጡት ግን የልጃቸውን ልብስ ለ15 ዓመት በሣጥን ያስቀመጡ እናቶች፣ አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉ አባቶች፣ ከምርመራ ክፍል በሕይወት የወጡ ልጆች ናቸው። ከአርጀንቲና የመጡ የአጽም መርማሪዎች ኮተቤ ላይ የጅምላ መቃብር ከፍተው አጽሞችን ሲለዩ ሥራቸው ሊሳካ የቻለው ቤተሰብ “ጥርሱ እንዲህ ነበር፣ ጫማው እንዲህ ነበር” ብሎ ስለነገራቸው ነው።

አንዳንዶቹ ምስክሮች ደግሞ የመንግሥትን ጥሪ አልጠበቁም። ከሁሉ የሚገርመኝ የእድገአየሁ ታዬ ታሪክ ነው።

እድገአየሁ በቀይ ሽብር ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ተይዛ ከፍተኛ 9 ወደሚባለው የከተማ አስተዳደር ክፍል ተወሰደች፤ ተገረፈች፤ ለዓመታት ታስራ ወጣች። በኋላ ተሰዳ አሜሪካ ገባች። እ.ኤ.አ. በ1989 አትላንታ ከተማ በአንድ ሆቴል በአስተናጋጅነት ስትሠራ ከሊፍት የሚወጣ ሰው አየች። ሰውዬው እዚያው ሆቴል ተቀጥሮ የእንግዶች ሻንጣ የሚያመላልስ ነበር። የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረው፣ ስትገረፍ በቦታው የነበረው፣ ቀልቤሳ ነገዎ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ሥራውን ለቆ ይጠፋል። ማንም አይፈርድበትም። እድገአየሁ ግን በዚያው እጅ ያለፉትን ኤልሳቤጥ ደምሴንና ሂሩት አበበን አገኘች፤ ሦስቱ ሴቶች ጠበቆች ይዘው እ.ኤ.አ. በ1990 በአትላንታ ፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ አቀረቡ። የተደገፉበት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1789 የወጣ፣ የውጭ አገር ሰው በዓለም አቀፍ ሕግ የተከለከለ በደል ሲደርስበት በአሜሪካ ፍርድ ቤት ካሣ እንዲጠይቅ የሚፈቅድ ጥንታዊ ድንጋጌ ነው። ሦስቱም ችሎት ፊት ቀርበው የደረሰባቸውን ተናገሩ፤ ይህን ማድረግ ለኢትዮጵያዊት ሴት፣ በተለይ ራቁቷን ተሰቅላ ስለመገረፍ በሰው ፊት መናገር፣ ምን ማለት እንደሆነ የምናውቅ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1993 ዳኛው ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ካሣ እንዲከፈላቸው ፈረደ። ሻንጣ ተሸካሚ ያን ገንዘብ ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ሴቶቹም ይህን ያውቁ ነበር። የፈለጉት በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ እንዲጻፍ ነው፤ ተጻፈም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ያናድዳል። ፍርዱ ከተሰጠ ሁለት ዓመት ቆይቶ የአሜሪካ መንግሥት ለዚሁ ሰው ዜግነት ሰጠው። ይግባኙ በ1996 ውድቅ ቢሆንም ኑሮው ቀጠለ። ሴቶቹና አጋሮቻቸው ጉዳዩን አልለቀቁትም። ኢትዮጵያ ውስጥ በሌለበት ተከሶ በ2002 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ በኋላ ዜግነቱን አጥቶ በ2006 ከአሜሪካ ተባርሮ ለኢትዮጵያ ተላልፎ ተሰጠ። (እነዚህ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እድገአየሁ ሊፍቱ ፊት ካየችው ቀን 17 ዓመት አለፈ። ያ የአትላንታ ፍርድም ዛሬ በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች ይጠቀሳል፤ ከሌላ አገር የመጡ የግፍ ሰለባዎችም ክሳቸውን ሲያቀርቡ ተደግፈውበታል።

ከእሷ በኋላ ሌሎችም መጡ። ኮሎራዶ ውስጥ አንድ የቀድሞ እስረኛ በአበሻ ካፌ የከፍተኛ 15 ገራፊ የነበረውን ክፍለልኝ ዓለሙን አወቀው፤ ሰውዬው በሌላ ሰው ስም የሚኖር ነበርና በዜግነት ማጭበርበር ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2014 የ22 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ኔዘርላንድስ ውስጥ ደግሞ በጎጃም የደርግ ተወካይ የነበረው እሸቱ ዓለሙ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ሄግ ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ተቀበለ። ደብረ ማርቆስ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተገደሉት 75 ወጣቶች ጉዳይ ከክሶቹ ዋናው ነበር። እዚያ ችሎት ላይ የዘመዶቻቸውን ስም ለመጥራት ሰዎች ውቅያኖስ አቋርጠው ሄደዋል።

ይህ ጽናት የኢትዮጵያውያን ብቻ አይደለም፤ አፍሪካ ውስጥ ከእኛም የሚበልጥ አለ። ቻድ ውስጥ ሱለይማን ገንገን የሚባል የሒሳብ ሠራተኛ በፕሬዝዳንት ሂሴን ሀብሬ ዘመን ከሁለት ዓመት በላይ ታስሮ ባልንጀሮቹ አጠገቡ ሲሞቱ አየ። “በሕይወት ከወጣሁ ለእነዚህ ሰዎች ፍትሕ እፈልጋለሁ” ብሎ ለራሱ ተሳለ። ሀብሬ እ.ኤ.አ. በ1990 ተባርሮ ሴኔጋል ሲገባ ገንገን የተበዳዮችን ማኅበር አቋቁሞ የ792 ሰዎችን ቃል በየቅጹ ጻፈ። የሀብሬ ሰዎች ገና በሥልጣን ላይ ስለነበሩ ወረቀቱን ቤቱ ውስጥ ለዓመታት ደብቆ አኖረው። ከዚያ ወረቀት ተነስቶ፣ ዣክሊን ሙዴይና የተባለች ቻዳዊት ጠበቃና ሌሎች ተረባርበው፣ በአፍሪካ ኅብረት ስምምነት ዳካር ላይ የተቋቋመው ልዩ ችሎት እ.ኤ.አ. ግንቦት 30 ቀን 2016 በሀብሬ ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት። በአፍሪካ ምድር፣ አፍሪካዊ ችሎት፣ የሌላ አፍሪካዊ አገር መሪ የነበረን ሰው ሲቀጣ የመጀመሪያው ነበር።

ሩዋንዳ ደግሞ ሌላውን ጎን ታሳያለች። የሩዋንዳ የሰብአዊ መብት ማኅበራት የውጭ መርማሪዎችን ጋብዘው እ.ኤ.አ. በጥር 1993 በአገሩ እንዲዞሩ አደረጉ፤ ሪፖርቱ በመጋቢት ወጣ፤ በቱትሲዎች ላይ ስለሚፈጸመው ግድያ የዘር ማጥፋትን ጉዳይ በግልጽ አነሳ። ዓለም አንብቦ አስቀመጠው። ከ13 ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1994፣ የተፈራው የዘር ማጥፋት ሆነ። ዜጎች ሥራቸውን ሠርተው ነበር፤ ሥልጣን ያለው አልሰማቸውም። ይህን የምጽፈው ምዝገባ ግድያን ሁልጊዜ ያስቆማል የሚል ተስፋ ለአንባቢ ላለመስጠት ነው። ብዙ ጊዜ አያስቆምም። ገዳዩ በኋላ “አልነበረም” እንዳይል ግን ያደርጋል፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የሆነውን የማስታወስ ግዴታ አለብን። ፓርላማው ራሱ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል ነበሩ። ኮሚሽኑ 193 ሰላማዊ ሰዎች በጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን፣ ኃይሉም ከመጠን ያለፈ እንደነበር በአብላጫ ድምፅ ወሰነ። ቁጥሩ መንግሥት አስቀድሞ ካመነው እጅግ የበለጠ ነበር። ውሳኔው እንዲለወጥ ጫና ሲበረታ ዳኛ ፍሬሕይወትና ምክትላቸው ዳኛ ወልደ ሚካኤል መሸሻ ሰነዱን ይዘው ከአገር ወጡ። መንግሥት የሾማቸው ሰዎች ናቸው። ሰነዱን ፈርመው ደሞዛቸውን እየበሉ መኖር ይችሉ ነበር። እነሱ ግን የ193 ሰዎችን ስም በሻንጣ ይዘው ስደትን መረጡ።

ከዚያ በኋላ መንግሥት ዘዴውን ቀየረ። መሣሪያው አዋጅ ሆነ። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሰብአዊ መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። በድሃ አገር ለሰብአዊ መብት ገንዘብ የሚያዋጣ ነጋዴ ከየት ይገኛል? ቢገኝስ ማን ደፍሮ በስሙ ያዋጣል? የኢሰመጉ የባንክ ሒሳብ ታገደ፤ ከ12 ቅርንጫፍ ቢሮዎቹ 9ኙ ተዘጉ፤ አብዛኞቹ ሠራተኞች ተበተኑ፤ “የኢትዮጵያ” የሚለው ከስሙ ላይ ወርዶ ለዓመታት “ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ” ብቻ ተብሎ ኖረ። ለአሥር ዓመት በየወረዳው የሚሆነውን ለመመዝገብ የሚችል እጅ ተቆረጠ። እነዚያ አሥር ዓመታት ደግሞ ቂም የተጠራቀመባቸው ናቸው፤ በኋላ የፈነዳው ደም መፋሰስ ያለ መዝጋቢ የተከማቸ በደል ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

አዋጅ 1113/2011 ያንን ክልከላ አነሳ፤ ቢሮዎች ተከፈቱ፤ ስሙም ተመለሰ። እፎይታው ግን አልዘለቀም። ታኅሣሥ 2015 ላይ በአዲስ አበባ ዙሪያ ቤት የፈረሰባቸውን ሰዎች ጉዳይ ሊያጣሩ የሄዱ አራት የኢሰመጉ ሠራተኞች ታሰሩ። በ2017 ዓ.ም. ኢሰመጉን ጨምሮ በርካታ የመብት ድርጅቶች በባለሥልጣን ደብዳቤ ታግደው፣ ከወራት በኋላ እግዱ ተነሳላቸው።

በመካከሉ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ጥቅምት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ማይካድራ ላይ ብዙዎቹ አማራ የሆኑ የቀን ሠራተኞችና ነዋሪዎች ተጨፈጨፉ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ኅዳር 19 እና 20፣ አክሱም ላይ የኤርትራ ወታደሮች የትግራይ ተወላጆችን ቤት ለቤትና በየመንገዱ ገደሉ። ሁለቱም ተመርምረዋል፤ ሁለቱም ተጽፈዋል። ነገር ግን በማኅበራዊ ሚዲያው ላይ ማይካድራ የሚለው ሰው አክሱም አይልም፤ አክሱም የሚለው ማይካድራን “ፕሮፓጋንዳ” ይለዋል። የበደኖና የሁርሶ በሽታ 30 ዓመት ሙሉ ሳይታከም ተወርሶ መጥቷል ማለት ነው። ሁሉም “ጄኖሳይድ” የሚለውን ቃል ለራሱ ሟች ይጠይቃል፤ ለሌላው ይነፍጋል። ድርጊቱ በሕግ ምን እንደሚባል ዳኛ ማስረጃ አይቶ፣ አሳቡን መርምሮ የሚወስነው ነው። ማስረጃውን የሚያቀርበው ግን ዜጋው ነው፤ ጩኸቱም ማስረጃን አይተካም።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ይሳካል አይሳካም የሚለውን ክርክር ለፖለቲከኞች ልተወው። ችሎትም ይቋቋም፣ እውነት አፈላላጊ ኮሚሽንም ይቋቋም፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንኑ ጥያቄ ነው፦ ማን? የት? መቼ? ማን አየ? ሁርሶ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ብዙዎቹ ሽማግሌዎች ናቸው። ከእንቁፍቱ ገደል አፋፍ የተረፉትም እንዲሁ። በየዓመቱ ይሞታሉ፤ ከእነሱ ጋር የሚቀበረው ስም ተመልሶ አይገኝም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከቤተሰብህ ወይም ከጎረቤትህ በዚህ ዓይነት ግፍ ያለፈ ሰው ካለ፣ እሱ ፈቅዶ፣ ቃሉን ጻፍለት። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ ቦታ፣ ቀን፤ ቀኑ ከጠፋ በየትኛው በዓል ሰሞን እንደነበረ፤ አብረው የነበሩት እነማን እንደሆኑ። ያየውንና የሰማውን ለየብቻ አድርግ። የገዳዩን ብሔር ሳይሆን ማዕረጉንና ስሙን ጠይቅ። የተናጋሪውን ደኅንነት ጠብቅ፤ ፌስቡክ ላይ አትለጥፈው፤ ሁለት ቅጂ አድርገህ ሁለት ቦታ አኑረው፤ የምታምነው የመብት ድርጅት ካለ አንዱን አስረክብ። ይህን ለራስህ ወገን ከሠራህ በኋላ፣ ሌላውም ወገን ያለቀሰበት ቦታ ሂድና የአንድ ሰው ስም ጨምር።